ጳጉሜን ስድስት የሮጠች ባጃጅ

እግዚአብሔር ባልፈጠረው ቀን በፍጥነት ነድተሃል ተብሎ የተከሰሰ ሹፌር ከኔ ሌላ ካለ ይምጣና እጁን ልጨብጠው። ባሕር ዳር ውስጥ ስንት ባጃጅ እንዳለ እንጃ፤ በሐይቁ ዳር ቢሰለፉ ግን ጫፋቸው ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ይደርሳል። ከዚያ ሁሉ መካከል ይህ ዕጣ የወጣው ለኔ ለክንዱ ነው። የማወራውን ግማሹን ሰው አያምነኝም፤ አልፈርድባቸውም። ባለፈው ክረምት ጉማሬ አሳፍሬ ሒሳብ ሳይከፍለኝ ሐይቅ ገባብኝ ብዬ ባጃጅ ተራ ላይ አውርቼ ነበር፤ እስካሁን «ጉማሬው ከፈለህ ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ይኼኛው ግን ምስክር አለው።

ነገሩ የሆነው በዕንቁጣጣሽ ጠዋት ነው። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሰው ወይ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም፣ ወይ ጓሮ በጉን እየገፈፈ ነው። ግሩም የሚባል ባጃጅ ነጂ ጓደኛ አለኝ። ከጎኔ መጥቶ ቆመና ያንተዋ እኮ የምትሄደው የሐይቁ ነፋስ ሲገፋት ብቻ ነው አለኝ። እንዲህ ተብሎ ዝም የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን አልችልበትም። የተሸነፈ የአሸናፊውን ባጃጅ ለሳምንት ሊያጥብ ተወራረድንና ከዓሣ ገበያው ጀምረን በሐይቁ ዳር መንገድ ለቀቅናቸው።

አሯሯጤን ልንገራችሁ ብል ዘንባባዎቹ ከነሥራቸው ተነቅለው ተከትለውኝ ነበር እላለሁ፤ እሱ ይቅር። ሮጬ ነበር፤ ይኸው ነው። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ከመንገዱ ዳር አንድ ነጭ ነገር ብድግ ብሎ ሲሰወር በጎን አየሁት። የሐይቅ ወፍ ነው አልሁና አለፍሁ። ከመታጠፊያው ማዶ ትራፊክ ፖሊሱ አምሐ የፍጥነት መለኪያውን ይዞ ዘንባባ ሥር ቆሟል። ግሩም ከኋላ ስለነበር እኔ ስያዝ አየና ረገብ አለ፤ እንደ ጨዋ ልጅ እጁን ለሰላምታ አንስቶ እያዘገመ አለፈ። እኔ ቀረሁ።

አምሐ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጨዋታ ይወዳል። ያን ለት ግን ዋዜማውን ተረኛ ሆኖ አድሮ ዓይኑ ቀልቷል። መንጃ ፈቃዴን ተቀበለኝ፣ የክሱን ወረቀት ሞላ፣ ቀድዶ ሰጠኝና እንኳን አደረሰህ አለኝ። እንኳን አብሮ አደረሰን አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ?

የከበደኝ ቅጣቱ አልነበረም። በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጥፋት ተመዝግቦብኛል፤ አንዱ ትርፍ ስጭን፣ አንዱ ደግሞ ባጃጇን መሀል መንገድ ላይ አቁሜ የጉማሬውን ታሪክ ለአንድ እንግዳ ሳወራ። በአንድ ዓመት ሦስት የሞላበት ሹፌር መንጃ ፈቃዱ ለመንፈቅ ይታገዳል። የባጃጇ ባለቤት ወይዘሮ አገርነሽ ደግሞ አስቀድመው ነግረውኛል፤ መንጃ ፈቃድህ የታገደ ለት ቁልፌን አምጣ፣ ደጄ ላይ የሚጠብቅ ሌላ ሹፌር አለ ብለዋል። እሳቸው ቀልድ አያውቁም። ያቺ ወረቀት ከጸናች እኔ ከባጃጅ ወርጄ ዓሣ ገበያ ቅርፊት ፋቂ መሆኔ ነው።

ወረቀቷን ደህና አድርጌ ያየኋት በማግሥቱ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ስም ትክክል፣ ታርጋ ትክክል፣ ጥፋት ትክክል። ቀን ከሚለው ላይ ስደርስ ሻዩ ትን አለኝ። «ጳጉሜን 6 ቀን 2017 ዓ.ም.» ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ትምህርቴ ትንሽ መናገር አለብኝ። ዘመናዊውን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተሰናብቼዋለሁ። የቄስ ትምህርቱን ደግሞ ሐይቁ ዳር ካለው ደብር ከመርጌታ ጥዑመ ልሳን ዘንድ ጀምሬ የተማሪዎቹን የልመና አኮፋዳ ሁሉ ሾላ ጫፍ ላይ ሰቅዬ በመገኘቴ ተባረርሁ። ደግነቱ የተባረርሁት ባሕረ ሐሳብ ከተጀመረ በኋላ ነው። የዘመን ቆጠራውን ትምህርት ማለቴ ነው። ብዙ ባልይዝም አንድ ነገር ይዤ ወጥቻለሁ፤ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ፣ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ነው። የወጣው ዓመት ደግሞ ማቴዎስ ነበር። ጳጉሜን በአምስት አልቃለች፤ በማግሥቱ የጠባው መስከረም አንድ ነው። አምሐ እንቅልፍ አናቱ ላይ ወጥቶበት ከአምስት ቀጥሎ ስድስት ብሎ ጽፏል። እኔ የሮጥሁት በአዲሱ ዓመት ነው፤ የተከሰስሁት ግን በሌለ ቀን።

ወረቀቷን ሳምኋት። ከዚያ ተራ ላይ ሄጄ ለሹፌሩ ሁሉ አስነበብሁ። አንዱ ይህማ ታሪካዊ ነው፣ በመስታወት አድርገህ ስቀላት አለኝ። ሌላው ደግሞ እነሱ እኛን መቼ ይምሩናል አለ፤ እውነቱን ነው። የኔን የመድን ወረቀት አንድ ቁጥር ደበዘዘ ብለው ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን አቁመውኛል። እነሱ ፊደል በፊደል ከያዙን እኛስ ለምን ፊደል በፊደል አንይዛቸውም? ሁሉም ትክክል ነህ አለኝ። የሁላችን አንጋፋ ጌትነት ብቻ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ሙዙን እየላጠ ያየኛል።

«ሮጠሃል አልሮጥህም?» አለኝ።

«መቼ?» አልሁት።

«ክንዱ፣ እኔን ትራፊክ አታድርገኝ።»

ተራው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ትራፊክ ቢሮ ሄጄ ተቃውሞዬን አስመዘገብሁ። የተቀበሉኝ ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ የሚባሉ ቆፍጣና ሴት ናቸው። ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን አዩ። ሐሙስ ጠዋት ከሳሹም ይጠራል፣ አንተም ማስረጃህን ይዘህ ቅረብ ብለው አሰናበቱኝ።

ለማስረጃ ከሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካላንደር ገንጥሎ መሄድ ይበቃ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜ አንዴ ነው የሚገኘው። ኢንስፔክተሯ ፊት ነጭ የጠመጠሙ የባሕረ ሐሳብ መምህር አቁሜ ጳጉሜንን ከነዘርማንዘሯ ሲተነትኑላቸው ማየት ፈለግሁ። ተራ ላይ የማወራው ለሦስት ዓመት ይበቃኝ ነበር። ስለዚህ ወደ የኔታ ጥዑመ ልሳን ሄድሁ። ያባረሩኝ ቢሆኑም የኔታ ማለት አልተውሁም።

በዚያ ሰዓት ደብሩ አጥር ሥር ተማሪ ከብቧቸው ነበር የማውቃቸው። ያገኘኋቸው ግን ቤታቸው ግቢ ውስጥ ማንጎ ሥር፣ አንድ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እንደ ተቀጣ ልጅ ተቀምጠው ነው። ልጃቸው የብርጓል ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ትጠብቃቸዋለች። ሰውየው ጠቁረዋል። የመጣሁበትን ስነግራቸው ግን ፊታቸው በራ።

«እግዜር ያልሰጠውን ቀን ከየት አመጡት?» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ በጣታቸው መሬት ላይ ዓመተ ዓለሙን ደምረው፣ ለአራት ከፍለው፣ ማቴዎስን አውጥተው አሳዩኝ። እመጣለሁ አሉ። እንዲያውም ባትጠራኝ ነበር የምቀየምህ አሉኝ።

እግራቸውን ምን እንዳገኘው ጠየቅሁ። መጠየቅ አልነበረብኝም። የቅዱስ ዮሐንስን ማኅሌት ቆመው አድረው ጠዋት ብቻቸውን ሲመለሱ፣ ሐይቁ ዳር መታጠፊያው ላይ ባጃጅ እንደ ነፋስ መጥታባቸው ዘለው ቦዩ ውስጥ ገቡ። ባጃጇ ዘወር ብላም አላየቻቸው። ነጭ ጋቢያቸው በጭቃ ተለውሶ፣ መቋሚያቸው ለሁለት ተሰብሮ፣ መንገደኛ እስኪያነሳቸው እዚያው ተቀመጡ።

ነጩ ወፍ መጥቶ ደረቴ ላይ አረፈብኝ።

«አባየ፣ ባጃጅ አልነበረም እኮ» አለች የብርጓል፣ ለታመመ ሰው በሚነገርበት በለሰለሰ ድምፅ። «ያነሱዎት ሰዎች መንገዱ ባዶ ነበር ነው ያሉኝ።»

ወደ ጎን ወስዳ የቀረውን ነገረችኝ። ሌሊቱን ሲቆሙ አድረው፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ አዙሯቸው ወድቀዋል፤ አፍረው ነው ባጃጅ የሚሉት ብላ ታምናለች። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ከግቢ እንዲወጡ አትፈቅድም። ለተማሪዎቹ ለጊዜው ሌላ መምህር ተልኳል፤ የሌለ ነገር ማየት ከጀመሩማ ጉባኤውን ለእሱ ቢለቁለት ይሻላል እየተባለ ነው። ክፋት የላትም። ታለቅሳለች ጭምር።

ተመልሰን ስንቀመጥ የኔታ ወደኔ ዞሩ። «አንተ መንገድ ላይ ነው የምትውለው። እስኪ ንገራት፤ በዕንቁጣጣሽ ጠዋት ባጃጅ አይሠራም?»

«እንጃ የኔታ» አልሁ። «አብዛኛው ሰው በዓል ላይ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ስዋሽ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጉማሬ አሳፍሬያለሁ፣ እንፍራንዝ ላይ ግንብ ገዝቻለሁ። እነዚያ ሁሉ ሰውን ያሳቁ ውሸቶች ናቸው። ይቺ አንዲት አጭር ውሸት ግን አንድ ሽማግሌን በገዛ ዓይናቸው እንዳይተማመኑ አደረገች።

ለግሩም ነገርሁት። አብዷል እንዴ ይህ ሰው ብሎ ጆሮዬን ይዞ ጎተተኝ። ከተናገርህ ጉዳዩ ፍጥነት ብቻ አይሆንም፣ ሰው ጥለህ መሄድም ይጨመርብሃል፤ ወረቀቱ ራሱ ይወድቃል፣ አንተ ዝም ብለህ ቁም አለኝ። ልክ ነበር። ዝም ብዬ ልቆም ወሰንሁ። ለየኔታ ደግሞ አዲስ መቋሚያ እገዛላቸዋለሁ ብዬ ራሴን አባበልሁ።

ሐሙስ ጠዋት በባጃጄ ወሰድኋቸው። ለሌላው ሰው ቀስ ብዬ ነዳሁ እላለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ኤሊ ጥሩንባ ነፍታ ቀድማኛለች። የብርጓል ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። አምሐ ቀድሞ ደርሶ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። ክሱ በስሕተት ከወደቀ ለእሱም ተግሣጽ እንደሚጻፍበት ሰምቻለሁ።

ኢንስፔክተሯ ለየኔታ ወንበር ሰጥተው ይንገሩን አባቴ አሏቸው። የኔታም ተነሥተው ካልቆምሁ አላስተምርም አሉ። ከዚያማ እንደ ጥንቱ ሆኑ። ዓመተ ዓለሙን ጠሩ፣ አራቱን ወንጌላውያን በተራ አሰለፉ፣ ሉቃስን ከመካከላቸው አውጥተው ስድስተኛዋን ቀን አሸከሙት፣ ማቴዎስን ባዶ እጁን ሰደዱት። አምሐ እንኳ ኮፍያውን ማሽከርከር ትቶ ይሰማል። እኔ የፈለግሁት ትዕይንት ይኸው ነበር፤ ግን አላሳቀኝም።

ሲጨርሱ ኢንስፔክተሯ እርግጠኛ ነዎት አባቴ ብለው ጠየቁ። እንደ ሥራቸው ነው የጠየቁት። የብርጓል ግን ጎንበስ ብላ፣ የማይሰሙ መስሏት፣ ካላንደርም ቢያዩ ጥሩ ነው፣ አባቴ ሰሞኑን የሌለ ነገር ያያሉ አለቻቸው። ኢንስፔክተሯም በትሕትና ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው ካላንደር አነሡ።

የኔታ ሰምተዋል። አፋቸው ላይ የነበረው የግእዝ ቃል እዚያው ቀረ። ቀስ ብለው ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡና እግራቸውን ማየት ጀመሩ።

«ልክ ናቸው» አሉ ኢንስፔክተሯ ካላንደሩን አይተው። «ጳጉሜን ስድስት የለችም። ቀን የሌለው ክስ ክስ አይሆንም።» እስክሪብቷቸውን አነሡ። ውድቅ ብለው ሊጽፉ ነው። መንጃ ፈቃዴ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፤ ፎቶዬ ሳይቀር ዝም በል የሚለኝ መሰለኝ።

«ቀኗ የለችም» አልሁ። «ባጃጇ ግን ነበረች።»

ሁሉም ዞሩ። ከዚያ በኋላ አፌን የሚይዘው አልነበረም። በዕንቁጣጣሽ ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር ተወራርጄ እንደሮጥሁ፣ መታጠፊያው ላይ ነጭ ነገር ብድግ ሲል አይቼ ወፍ ነው ብዬ እንዳለፍሁ፣ ከሳምንት በኋላ እሳቸው ቤት ስሄድ ወፉ የኔታ መሆናቸውን እንዳወቅሁ፣ አውቄም እንደዋሸሁ ነገርኋቸው። አንዲት ቃል አልጨመርሁም። ለኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የኔታ ቀና አሉ። «ከዓሣ ገበያው በኩል ነው የመጣኸው?»

«አዎ የኔታ።»

«ጥሩንባ አልነፋህም።»

«አልነፋሁም።»

«ከኋላዋ ቀይ ጨርቅ አስረህባት ነበር?»

«የበዓል ብዬ ነው።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሸክም እንዳወረደ ሰው በረጅሙ ተነፈሱና «አላልሁሽም?» ብቻ አሏት። የብርጓል እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። አነሷትና ተይ፣ እኔም ራሴን ልጠረጥር ምንም አልቀረኝ አሏት።

ኢንስፔክተሯ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰው ጥሎ መሄድ ከፍጥነቱ የከፋ ጥፋት እንደሆነ፣ አባታችን ከፈለጉ ክስ መመሥረት እንደሚችሉ አስረዱ። እኔ በሐሳቤ የዓሣ ቅርፊት መፋቅ ጀምሬያለሁ።

«አልገጨኝም» አሉ የኔታ። «አላየኝምም። እኔ ነኝ የዘለልሁት።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩበት፤ «ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። መጻፉ ካልቀረ እንደዘለልሁ ይጻፍልኝ።»

አምሐ ጥግ ላይ ሆኖ ሳቁን በሳል አድርጎ አሳለፈው። ኢንስፔክተሯ አልሳቁም፤ ግን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። አምሐን ቀኑ መቼ ነበር ብለው ጠየቁት። መስከረም አንድ ነው፣ ሌሊቱን ስላልተኛሁ በኔ ጭንቅላት ዓመቱ አልተለወጠም ነበር አለ። እኔን ጠየቁኝ፤ መስከረም አንድ ነው አልሁ። ሁለታችሁም ካመናችሁ ይታረማል አሉና ጳጉሜን ስድስትን ሰርዘው መስከረም 1 ቀን 2018 ብለው ጻፉ። አስፈረሙን። ከዚያ መዝገቤን ገለጡ፣ ገጹን አገላበጡ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱኝ።

«ሁለቱ ጥፋቶችህ የ2017 ናቸው።»

«አዎን።»

«ይኼኛው የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ሦስት አልሞላህም፤ አንድ ብለህ ጀመርህ እንጂ። ቅጣትህን ክፈል፣ መንጃ ፈቃድህን ውሰድ።» እኔ ገና አልገባኝም። «በመጀመሪያው ቀን መጥተህ ቀኑ ተሳስቷል፣ መስከረም አንድ ነው ብትለኝ ኖሮ ያኔውኑ ቤትህ ትገባ ነበር። አባታችንን እዚህ ድረስ ማንከራተት አያስፈልግህም ነበር።»

ስድስተኛዋን ቀን አጥፍቼ ለማምለጥ ስሮጥ፣ ማምለጫዬ ለካ እውነተኛው ቀን ላይ ተቀምጦ ኖሯል። እንዲህ ዓይነት ቀልድ እኔ እንኳ በሰው ላይ አልቀለድሁም። መንጃ ፈቃዴን አንሥቼ ኪሴ ከተትሁ። አምሐ በር ላይ ሲያሳልፈኝ በጆሮዬ አመሰግናለሁ አለ። ተግሣጹ ለሱም ቀርቶለታል። ግን ነገ መታጠፊያው ላይ እቆማለሁ አለኝ። ቁም አልሁት።

የኔታ ወደ ቤት አልሄድም አሉ። ደብር ውሰደኝ አሉኝ። የብርጓልን አየኋት፤ አንገቷን ነቀነቀች። ሁላችንም ደክሞናል፣ የሚጣፍጥ ድካም ነው። የሐይቁ ነፋስ በሁለቱም በር ይገባል። ደብሩ በር ላይ ስንደርስ የብርጓል ልትደግፋቸው ወረደች፤ ከዚያ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ተመልሳ ገብታ ተቀመጠች። የኔታ ብቻቸውን እያነከሱ፣ ሳይቸኩሉ በአጥሩ ታጥፈው ገቡ። ተማሪዎቹ ሲነሡ፣ «የኔታ መጡ» ሲባባሉ ተሰማን።

ልንሄድ ሞተር ላስነሣ ስል የብርጓል ቆይ አለችኝ። ከአጥሩ ውስጥ የኔታ ጉባኤውን አረጋግተው ለምን እንደቀሩ ሲናገሩ ይሰማል። ባጃጇን ነገሯቸው። ጥሩንባ አለመነፋቱን ነገሯቸው። ከዚያም በዚያ በሚያምረው ድምፃቸው፣ ቦዩን በአንድ ዝላይ ተሻግረው ማዶ ሣሩ ላይ በእግራቸው እንዳረፉ ነገሯቸው።

የብርጓል ተመለከተችኝ። ቦዩ መሀል ጭቃ ውስጥ ተቀምጠው ነው የተገኙት።

«ክንዱ» አለች ሳቋ እየመጣ፣ «አንተ ነበርህ እዚያ፤ እውነት ተሻግረዋል?»

«እንዴታ» አልሁና ሞተሩን አስነሣሁ።